ያልተቀመሰው ድስት

«እምቢ!» አለ ድንቡሼ። ማንኪያው ለሦስተኛ ጊዜ በአየር ላይ በረረና የድንች ጆንያው ሥር ገባ።

ሼፉ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ አጠበውና እጀታው በቀይ ፕላስተር ከተጠቀለለው ትንሽ ድስት እንደገና ጨለፈ። «አንዴ ብቻ፣ የኔ አንበሳ። አንዴ ለአባባ።»

«እምቢ!»

«ለእማማስ?»

«እምቢ!»

«እሺ፣ ለአውቶቡሱስ?»

ድንቡሼ አውቶቡስ ነፍሱ ነው። ስለዚህ ጥቂት አሰበበት። ከዚያ «ባስ እምቢ አለ» ብሎ አፉን በሁለት እጁ ከደነ።

ሼፉ ሥራ ፈትቶ አይደለም ልጅ የሚለማመጠው። ከጀርባው ሦስት ትልልቅ ድስቶች ይንተከተካሉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን በጫማ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ አራት መቶ ሰው ሳህን ይዞ ይሰለፋል፤ ፓስታው፣ የሥጋ ስጎውና የክሬም ሾርባው ለዚያ ሰዓት መድረስ አለበት። በዚህ ላይ ዛሬ ልጅ ተሸክሞ ነው የመጣው። የሞግዚቷ ጥርስ ሌሊት አብጦ አደረ፤ የልጁ እናት መምህርት ናት፣ ሳምንቱ ደግሞ የፈተና ሳምንት ነው። «አንተ የኩሽናው አለቃ ነህ፤ እኔ ስልሳ ተማሪ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» ብላ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን በልጁ ሸሚዝ ጀርባ ላይ አንድ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያያዘች፤ «ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ቲማቲም አይስማማኝም። እባካችሁ ምንም አትስጡኝ» ይላል። ጠዋት በር ላይ አንድ የቆዳ ክፍል ሠራተኛ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ «የዛሬው ሜኑ ደህና ነው» እያለ አልፏል።

ድንቡሼ ይህን ስም ያገኘው ሲወለድ ነው። ያኔ ጉንጩ ከፊቱ ይተርፍ ነበር። አሁን ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ ስሙ አልተወውም፣ ድንቡሽ ማለቱ ግን ጥሎት ከሄደ ቆየ። ገና በሰባት ወሩ ሆዱ እየተነፋ፣ ቆዳው ሽፍ እያለ ቤተሰቡን እንቅልፍ ነሣው። ስንት በር ተንኳኩቶ፣ ስንት ምክር ተሰምቶ፣ በመጨረሻ አንዲት ሐኪም የማይስማሙትን አምስት ምግቦች ለይታ አወጣች። ሆዱ ዳነ፤ ሽፍታው ጠፋ። እፎይ ሊባል ሲል ልጁ መብላት ተወ። የክሊኒኩ ሚዛን ሦስት ወር ሙሉ ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ ላይ ቆሞ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ፣ «የተፈቀደለት ምግብ እንዲያድግ ይበቃዋል፤ ከበላው ነው ታዲያ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚዛኑ ካልተንቀሳቀሰ አስተኝተን በአፍንጫው በቱቦ እንመግበዋለን» አለች። ያ ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ሼፉ ከዚያ ወዲህ ቱቦ ማየት አይወድም። የእቃ ማጠቢያውን የውኃ ቱቦ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያልፈው። አራት መቶ ሰው የሚያጠግብ ሰው አንድ ልጁን ማብላት አቃተው፤ ይህን ሲያስብ ያፍራል፣ ለማንም ግን አይናገርም።

«ተወው፣ ትንሽ ይጫወት» አሉ እትዬ። እትዬ በዚህ ኩሽና ሃያ ሁለት ዓመት አትክልት ልጠዋል፤ ሁሉም «እትዬ» ስለሚላቸው ሙሉ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። በባዶ የካሮት ሳጥኖች ለድንቡሼ ጥግ ላይ አጥር የሠሩለትም እሳቸው ናቸው። «ልጅ ሲገፋ ይገግማል።»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ የበላው ሦስት ማንኪያ ነው፣ እትዬ።»

«ቆጥረህ?»

«ቆጥሬ።»

«እሱም ይቆጥርብሃል። ለዚህ ነው የሚጠምብህ።»

ሼፉ ድስቱን ከድኖ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠና ዘይት ሊያመጣ ወደ ግምጃ ቤት ወረደ።

አራት ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃ ገቡ። ሃምሳ አለቃ የፋብሪካው ዘበኛ ናቸው። ከጦሩ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ቢያልፋቸውም ማዕረጋቸውን አላስረከቡም። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ለሻይ ይመጣሉ፤ ሻዩን እየጠጡም የዕለቱን ምግብ ይቀምሳሉ። ማንም አልሾማቸውም፤ ራሳቸውን የሾሙ ቀማሽ ናቸው። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ሃምሳ አለቃ ከመደርደሪያው ንጹሕ ማንኪያ መዘዙ፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን ድስት ከፈቱ፤ ለእሳቸው የተቀመጠ መስሏቸው አንድ ሙሉ ማንኪያ ጎረሱ።

ሼፉ የዘይት ጀሪካን ታቅፎ ሲመለስ አያቸው።

«ሃምሳ አለቃ! እንዳይነኩት!»

አልፏል። ሃምሳ አለቃ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የሚንቀሳቀሰው ጢማቸው ብቻ ነው።

«ማንኪያው ንጹሕ ነው? ዳቦ አልነካም? አንዴ ነው የጨለፉት?»

«ማንኪያው ንጹሕ ነው፤ አንዴ ነው፤ ሁለተኛም አይለመደኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ እየዋጡ። «ይልቅ ይኼ ነገር ምንድን ነው?»

«የልጄ ምሳ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ድንቡሼን አዩት። ድስቱን አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ምሽግ ውስጥ ሰባት ወር ደረቅ ብስኩት በልቻለሁ። ዝናብ የገባበት ሩዝ በልቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ተማርኬ እንኳ ጠላት አላቀረበልኝም። ለሙጫ ክፍል ስጣቸው፤ ሶል ይይዛል።»

እትዬ ሳቃቸውን ለመዋጥ ጎንበስ አሉ፤ አልተዋጠላቸውም። ሼፉ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራው አንድ ሳህን ተመልሶበት አያውቅም።

«የሠራሁት ለጤናው ነው፤ ለጣዕም አይደለም።»

«ይህንን ለልጁ ነግረኸዋል?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

እትዬ ሳቃቸውን አቁመው ቀና አሉ። «ቆይ እስቲ። አንተስ ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

ሼፉ የታቀፈውን ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ይህ ሰው ሾርባ ሦስቴ ሳይቀምስ የማያወጣ ሰው ነው። ግን ከስምንት ወር በፊት እዚሁ የልጁን ምሳ ሲያበስል በክሬም ሾርባው ማንኪያ ድስቱን ቀምሶ፣ ያንኑ ማንኪያ መልሶ ድስቱ ውስጥ አማሰለበት። የምግብ ሠራተኛ እጅ ነው፤ ከሐሳብ ይቀድማል። ልጁ ሦስት ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ አለቀሰ። ሼፉ ያን ጊዜ ማለ፤ ከእኔ አፍ የወጣ ማንኪያ ወደ እሱ ድስት አይገባም አለ። ለልጁ ድስት፣ ቢላዋና መክተፊያ ለየ፤ በቀይ ፕላስተር ጠቀለላቸው። መቅመሱንም ጭራሽ ተወ። ፍርሃት ደግሞ እንግድነቱን አያውቅም፤ አንዴ ከገባ ቤቱን ይረከባል። አንድ ቀን ልጁ ሽንኩርት በልቶ ሲያስል ሽንኩርቱን አስወጣው። ሌላ ቀን በሙቀት ሽፍ ሲል ዘይቱን ከሰሰ። ነጭ ሽንኩርቱ በጥርጣሬ ተባረረ፤ ጨው ለምን እንደተባረረ እሱም አያስታውስም። የቀረው በውኃ ተቀቅሎ በማሽን የተፈጨ ሩዝ፣ ድንችና ሥጋ ነበር። እናትየውም ባለሙያው እሱ ነው ብላ አፏን ያዘች።

«ማንኪያ ጠፋ እንዴ?» አሉ እትዬ። «እዚህ ቤት የሞላው ማንኪያ ነው። አንዱን አንሣ፣ ቅመስበት፣ ወደሚታጠበው ወርውረው። ድስቱ ውስጥ መልሰህ ክተት ያለህ ማነው?»

ስምንት ወር ሙሉ ይህ ለሼፉ ታይቶት አያውቅም። አንድ ንጹሕ ማንኪያ አነሣና ቀመሰ። አፉ ውስጥ የሞቀ፣ የሚጣበቅ ነገር ገባ፤ ሌላ ምንም። ደግሞ እስኪዋጥ ይቆያል። ሼፉ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አፈረ። ልጁ በቀን ሦስቴ እውነቱን ሲነግረው እሱ በሽታ ነው ብሎ ኖሯል።

አጥሩ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። «ይቅርታ፣ የኔ ጌታ» አለው።

«እምቢ» አለ ድንቡሼ።

እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ «ሐኪሟ የሰጠችህ ወረቀት የታለ?» አሉ። ከኪስ ቦርሳው አውጥቶ ሰጣቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን እያጠፉ አነበቡ። «ወተት። እንቁላል። ስንዴ። አኩሪ አተር። ቲማቲም። አለቀ። ሽንኩርት የሚል አላየሁም። ዘይት የሚል አላየሁም። ሃምሳ አለቃ፣ እስቲ እርስዎም ይዩት።»

«ጨውም የለበትም» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ሼፉ ስልኩን አወጣና ክሊኒክ ደወለ። ሐኪሟ እስክትገኝ ድረስ የጥሪው ሙዚቃ ሁለቴ ዞረ።

«ሽንኩርት?» አለች ሐኪሟ። «ሽንኩርት ማን ከለከለው?»

«እኔ።»

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አይ፣ ምግብ አብሳይ ነኝ።»

«ታዲያ ያብስሉለታ!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «ዘይቱን፣ ጥቂት ጨውና ሽንኩርቱን ዛሬውኑ ይመልሱ፤ ድሮ ተስማምተውት ነበር። ነጭ ሽንኩርቱን ከሦስት ቀን በኋላ። አምስቱን ግን እንዳይነኩ» አለች።

ስልኩን ዘጋ። እጁ ከልማዱ የተነሣ ወደ ትልቁ የስጎ ጭልፋ ሄደ፤ እትዬ ቀድመው ነጠቁት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼው ነው። ወግድ ከዚህ፤ የሰውን እኔ አማስላለሁ።»

ሼፉ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ሽርጡን ቀየረ። ትንሿን ድስት ፈግፍጎ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ምድጃ ላይ ጣደ፤ ከትልልቆቹ ድስቶች የሚፈናጠር ነገር እዚያ አይደርስም። ዘይት አንጠባጠበ። በቀዩ ቢላዋ አንድ ሽንኩርት አደቀቀ፤ እሳቱን ቀንሶ ወርቅማ እስኪሆን፣ እስኪጣፍጥ ጠበቀው። የበግ ሥጋ አድቅቆ ጨመረ፤ ሲንቸሰቸስ ፊቱ ፈካ። ካሮት ፈቀፈቀበት፣ ዱባ በትንሽ በትንሹ ከተፈበት፣ የታጠበውን ሩዝ ነሰነሰ፣ አንዲት የጥብስ ቅጠል ጣል አደረገ። ጨው በሁለት ጣቱ። ለመቅመስ ንጹሕ ማንኪያ፣ ከዚያ ወደሚታጠበው፤ ሌላ ንጹሕ ማንኪያ፣ ከዚያ ወደሚታጠበው። አሥራ አንድ ማንኪያ አቆሸሸ። ሃምሳ አለቃም ተራ ደርሷቸው አንዴ ቀመሱ፤ ምንም ሳይናገሩ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

የሽንኩርቱ ሽታ ጥጉ ሲደርስ ድንቡሼ ሳጥኑን ተደግፎ ተነሣ። አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ያሸታል።

«ምንነው?» አለ።

«ያንተ ነው» አለ ሼፉ።

ስድስት ሰዓት ላይ የማደያው መስኮት ተከፈተ፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ድንቡሼ አጥር ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ስላስቸገረ ከመስኮቱ አጠገብ በተገለበጠ ሳጥን ላይ አስቀመጡት። ሃምሳ አለቃ በስተቀኙ ቆሙ።

«በሩስ ለማን ተተወ?» ብሎ አንዱ ቢጠይቃቸው፣ «በር አይሰረቅም» አሉት።

የሙጫ ክፍሏ ልጅ ሳህኗን እንደያዘች ጎንበስ ብላ፣ «እንካ ማሙሽ» እያለች ቁራሽ ዳቦ ዘረጋችለት።

ሃምሳ አለቃ መዳፋቸውን ዘርግተው ከለከሏት። «መጀመሪያ ጀርባውን አንብቢ!»

አነበበች፤ ጮክ ብላ ነው ያነበበችው። ነገሩ ከሰው ሰው ተላልፎ አዳራሹን ሞላው፤ ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

ሼፉ ትንሿን ሳህን ልጁ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። ማንኪያውን ከጎኑ አደረገ። ለአባባም፣ ለእማማም፣ ለአውቶቡስም አላለም። «ትኩስ ነው፣ ቀስ በል» ብቻ ብሎት ጀርባውን ሰጠውና ለሰልፉ ፓስታ ማደል ጀመረ። ዓይኑ ፓስታው ላይ ነው፤ ጆሮው ግን ከኋላው ነው። ላቡን በሙቀቱ አሳበበ።

ከሰልፉ ፊት የቆመው የስፌት ማሽን ጠጋኝ ሳህኑን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። «አነሣው» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ማንኪያውን። አሸተተው። ሼፍ፣ እንዳትዞር። ወደ አፉ እየሄደ ነው... ቆመ... ገባ!»

«ዋጠ?»

«እያላመጠ ነው።»

«ዋጠ ወይ?»

«ቆይ እንጂ፣ ምግብ ነው የሚበላው፣ ክኒን አይደለም። ... ዋጠ!»

«ዋጠ!» አለች ከኋላው ያለችው። «ዋጠ! ዋጠ!» እየተባለ ወሬው እስከ በሩ ሄደ፤ ውጭ ያሉት ምን እንደተዋጠ ሳያውቁ አጨበጨቡ። ሼፉ ሁለት ጭልፋ ስጎ ባዶ ትሪ ላይ ገለበጠ። ማንም አልተቆጣውም።

ሁለተኛው ማንኪያ ገባ። ሦስተኛው ገባ። ከዚያ በኋላ ሼፉ መቁጠሩን ተወ፤ ማንኪያው ሳህኑን ሲፍቅ መስማት በቃው። ሰልፉ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው «ሼፍ፣ ጨምርበት እንጂ!» ይላል። ድንቡሼ ይህን ሲሰማ ቆየና ባዶ ሳህኑን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማው ጮኸ።

«ሼፍ! ጨምልበት!»

የሳቁ ጩኸት ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ሼፉ ዞረ፤ የልጁ አገጭ በዱባ ቢጫ ሆኗል። ሊስቅ ብሎ አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው፤ ተወው፣ ይፍሰስ አለ። ጨመረለት።

«ለእኛስ ከልጁ ድስት የለም?» አለ ማሽን ጠጋኙ። «ፓስታውን ለሃምሳ አለቃ ስጥልኝና።»

አሥር ሰዓት ላይ እናትየው ልጇን ልትወስድ በፋብሪካው በር ስትደርስ ሃምሳ አለቃ ተረከዛቸውን አጋጭተው ሰላምታ ሰጧት። «አንድ ሳህን ተኩል!» አሉ፤ አባትየው ሊነግራት ከምሳ ወዲህ ሲያሰማምረው የዋለውን ወሬ በአንድ ቃል ጨረሱበት።

«ምኑ?» አለች ግራ ገብቷት።

ቤት ሲደርሱ ሼፉ ከምሳው የተረፈውን በቀዩ ድስት አሙቆ ንጹሕ ማንኪያ ሰጣት። ቀመሰች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝም?»

«በይ።»

«ያኛውን አንዴ ቀምሼው ነበር። ከአራት ወር በፊት።»

«እና ዝም አልሽ?»

«አንተ አራት መቶ ሰው የምታበላ ሰው ነህ! እኔ እንቁላል የማሳርር። መድኃኒትነት ያለው ነገር መስሎኝ ነው እንጂ... ቀን ቀን ሳስበው ይዘገንነኝ ነበር።»

እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ቀድማ ፈነዳች፤ እሱም ተከተላት። ሆዳቸውን ይዘው፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ድንቡሼ ምንም ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። ሳቋ ሲበርድላት ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ሆዱን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ለስላሳ ነው። ደግማ ዳበሰችው።

«ሚዛኑ ገና ስድስት ቀን አለው» አለች፤ ፈገግታዋ ግን አልጠፋም።

«ስድስት ቀን ብዙ ምሳ ነው» አላት።

በዚህ ቤት ከዓመት በላይ ማዕድ ሁለት ነው። ድንቡሼ አመሻሹ ላይ ብቻውን ይቀርብለታል፤ ባልና ሚስቱ እሱ ከተኛ በኋላ ኩሽና ውስጥ ቆመው፣ እንደ ሌባ ድምፃቸውን አጥፍተው ይበላሉ። ልጁ ነቅቶ ሳለ አንዳቸው ሳህን ከያዙ እጁን ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ሳህኑ ወደ መደርደሪያ፣ ወደ ፍሪጅ ላይ፣ አንድ ጊዜም ወደ ቁም ሣጥን ሸሽቷል።

«ለእኛ የትናንት ፓስታ አለ» አለች እናትየው። «እሱን አስተኝተን እናሙቀዋለን።»

ሼፉ ድስቱን አየ፤ ለሦስት ትንሽ ያንሳል፣ ሩዝ ቢጨመርበት ግን ይበቃል። «ፓስታው ይቆይ። ሦስት ሳህን አውጪ።»

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ድንቡሼ የራሱን ጨረሰና አንዴ የእናቱን፣ አንዴ የአባቱን ሳህን አየ። ከዚያ ትንሽ እጁን ወደ አባቱ ሳህን ዘረጋ። የሼፉ እጅ እንደ ልማዱ ከሐሳቡ ቀድሞ ሳህኑን ወደ ደረቱ ሳበው። ድንቡሼ አላለቀሰም፤ ሳህን ሲሸሽ ለምዷል። እጁን እንደዘረጋ አባቱን ያያል።

ሼፉ ሳህኑን ቁልቁል ተመለከተ። ሩዝ፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ሥጋ። ሳህኑን መልሶ ልጁ ፊት አስቀመጠውና እጁን አነሣ።